ቀን ቀን የሚታይ ቴሌቪዥን፦ ከሰሜን ሸዋ ተመልካቾች ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ጣሪያ ላይ ዲሽ ማየት ብርቅ አይደለም። ስለ ቴሌቪዥን ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ማታው ነው። የ2 ሰዓት ዜና፣ የማታ ድራማ፣ የማታ ኳስ። ቀን ቀን ቤት የሚውለውን ሰው «አንተስ ምን ታያለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናቶች አሉ፣ አያቶች አሉ፣ አራስ አለች፣ የታመመ አለ፣ ባለ ሱቅና ልብስ ሰፊ አለ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚያርፍ የፋብሪካ ተረኛ አለ። እነዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ።

ቀን የሚባለው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው?

ከጣቢያ ጣቢያ ይለያያል። በጥቅሉ ከማለዳው 12 እስከ 3 ሰዓት የጠዋት ፕሮግራም ነው። ከ3 እስከ 11 ሰዓት ያለው ቀን ይባላል። ከ12 ሰዓት ወዲያ ያለው ማታ ነው፤ ትልቁ ገንዘብም ትልቁ ድግስም ያለው እዚያ ነው።

የእኛ አገር ቀን ግን እንደ መሬቱ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር የጠዋቱ ውርጭ አጥንት ድረስ ይገባል። ረፋድ ላይ ሰው ፀሐይ ለመሞቅ ደጅ ይወጣል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ እየጮኸ ሰዉ በር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ቤት ያስገባዋል። ደጋውንም ቆላውንም የሚያገናኘው ከምሳ በኋላ ያለው የቡና ሰዓት ነው። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ማለት ነው። የቀኑ ዋና ሰዓት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጣቢያዎችም ጥሩ ጥሩውን እዚያ ላይ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ቀን ቀን ለምን ድጋሚ ይበዛል?

መልሱ ገንዘብ ነው። ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያ ዋጋ ደግሞ የሚወሰነው በተመልካች ብዛት ነው። ማታ ቤተሰብ ሁሉ ይሰበሰባል፣ አስተዋዋቂውም ማታን ይመርጣል። ቀን ቀን የሚመጣው ገቢ ትንሽ ስለሆነ ለቀን አዲስ ፕሮግራም ለመሥራት የሚበጀተውም ትንሽ ነው። የአንድ ሰዓት ውይይት ለመቅረጽ ስቱዲዮ፣ መብራት፣ ካሜራ፣ አዘጋጅ፣ አርታኢ ያስፈልጋል። ትናንት ማታ የታየውን ደግሞ ለማሳየት ግን ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ጣቢያው 24 ሰዓት ሥርጭት ላይ መቆየት አለበት፤ ክፍተቱን የሚሞላው በድጋሚ ነው።

የቀን ሥርጭት ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ሥርጭቱ የማታ ጥቂት ሰዓት ነበር። በሀብታሙ ዓለምም ቢሆን ነገሩ ቶሎ አልመጣም። የእንግሊዙ ቢቢሲ መደበኛ የቀን ሥርጭት የጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው።

ድጋሚ በራሱ ክፉ አይደለም። ትናንት ማታ መብራት የጠፋበት ሰው ዛሬ 5 ሰዓት ላይ ያመለጠውን ክፍል ካገኘ ተጠቅሟል። እኔን የሚያናድደኝ ሰዓቱ ያልተነገረ ድጋሚ ነው። አንድ ቀን 4 ሰዓት ላይ፣ በማግስቱ 6 ሰዓት ላይ፣ በሦስተኛው ቀን ጭራሽ የለም። ተመልካችን ማክበር የሚጀምረው ሰዓት ከማክበር ነው። ጣቢያው «ይህ ፕሮግራም ነገ በ5 ሰዓት ይደገማል» ብሎ ከተናገረ፣ በተባለው ሰዓትም ካቀረበው፣ ድጋሚው አገልግሎት ይሆናል።

ተከታታይ ድራማ ቀን ቀን እንዲህ የበዛው ለምንድን ነው?

ልማዱ ከአሜሪካ ሬዲዮ የመጣ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሳሙና አምራቾች ሳሙና የሚገዙት ቀን ቀን ቤት የሚውሉ ሴቶች መሆናቸውን አዩ። ስለዚህ የሬዲዮ ድራማውን ወጪ ራሳቸው መሸፈን ጀመሩ። ድራማው በየቀኑ ይቀርባል፣ ልብ አንጠልጥሎ ይቆማል፣ ነገ ደግሞ ይቀጥላል። በ1937 በሬዲዮ የተጀመረ አንድ ድራማ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘልቋል። ከ70 ዓመት በላይ ማለት ነው። አያት የጀመረችውን የልጅ ልጅ ጨረሰችው።

እኛ ጋ ይህን ልማድ ያሰፋው ቃና ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ መልሶ አቀረበ። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ሥራችንን ይሻማል፣ ባህላችንን ይጫናል ብለው ተቃውመው ነበር። ስጋታቸው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው የውጭ ድራማን በአማርኛ ሰምቶ መከታተል የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ከሥር በጽሑፍ የሚተረጎም ፊልም ለእሱ ምንም አይነግረውም።

እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፍታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሥራዋን ትሠራለች። «አትዪው ከሆነ ልዝጋው» ስላት ትቆጣለች። ታየዋለች ወይስ አታየውም?

ትሰማዋለች። ይህ ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም በላይ ዋናው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው እጁ አይፈታም። ሽንኩርት ይከተፋል፣ ሽሮ ይነፋል፣ ልጅ ይታጠባል። መንዝ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ የበግ ፀጉር ይፈተላል፤ ባናው የሚሠራው ከእሱ ነው። አንዲት ፈታይ እናት እንዝርቷን እያሾረች ቴሌቪዥን ስትከታተል ልብ ብላችሁ እዩ። ዓይኗ ክሩ ላይ ነው። ክሩ ሲቀጥን ቀና አትልም፤ ከተበጠሰ መቀጠል አለበትና። ሙዚቃው ሲለወጥ ወይም አንዱ ገጸ ባሕርይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ ወርወር ታደርግና ወዲያው ትመለሳለች። ታሪኩን ጠይቋት፣ አንድም አያመልጣትም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አንድ በአንድ ታወራላችኋለች።

ጣቢያዎች ይህን የሚያስቡበት አይመስለኝም። የጤና ፕሮግራም ላይ ሐኪሙ ይናገርና የሚደወልበት ስልክ በጽሑፍ ብቻ ያልፋል። የክትባት ዘመቻ ቀኑ ከሥር በሚሮጠው ጽሑፍ ብቻ ይነገራል። ምግብ ሲሠራ አቅራቢዋ «ይህን ያህል ጨምሩ» ትላለች፤ ስንት እንደሆነ ያያት ብቻ ነው የሚያውቀው። ለጆሮ የሚሆን ቴሌቪዥን መሥራት ከባድ አይደለም። ስልኩን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር፣ መጠኑን በማንኪያና በስኒ መጥራት፣ እንግዳውን በስሙና በሥራው ደጋግሞ ማስተዋወቅ ይበቃል። ወጪ የለውም፣ ማሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ለጠያቂው፦ አይዝጉባት። ደግሞም ቤት ውስጥ ብቻውን ለሚውል ሰው የሰው ድምፅ መስማት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ገበሬው ቀን ማሳ ላይ ነው። የግብርና ፕሮግራም ቀን መተላለፉ ምን ይጠቅማል?

በአዘቦት ቀን ለገበሬው ለራሱ ብዙም አይጠቅም ይሆናል። ግን በእኛ አገር ገበሬ ቤት የሚውልባቸው የታወቁ ቀናት አሉ። በ12 ሚካኤል ነው፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ። ቅዳሜና እሁድም አለ። በእነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም፣ አጨዳ የለም። ሰው ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ጠበል ጠዲቅ ቀምሶ ይመለስና ቤቱ ወይም ከተማ ወጥቶ ይውላል። ሸዋ ሮቢትና በአርጎባ በኩል ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ተመሳሳይ ሰዓት ይገኛል።

የቀን ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ይህን የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ቢሰቅል እንዴት ጥሩ ነበር። ስለ ገብስ ዝገት ወይም ስለ በግ በሽታ የሚናገር ባለሙያ ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ከሚቀርብ በ12ኛው ቀን 8 ሰዓት ላይ ቢቀርብ ተጠቃሚው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያገኘዋል። በየወሩ ቀኑ ይታወቃል። ማስተካከል የሚፈልገው ሠንጠረዡን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባልየው ማሳ ላይ ቢሆንም ሚስቱ ቤት ናት። ዶሮውን፣ ጓሮውን፣ ብዙ ጊዜም ጥጃና በጉን የምትጠብቀው እሷ ናት። የግብርና ፕሮግራም ሁልጊዜ ለወንድ የሚናገር ከሆነ የቀኑን ዋና አድማጭ ረስቷል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲዘንብ ለምን ይቆራረጣል?

የዲሽ ሥርጭት የሚመጣበት ሞገድ በጣም አጭር ነው። ከባድ ዝናብና ውሃ ያዘለ ደመና ይመጠዋል፣ ይበትነዋል። ደጋው ላይ የክረምት ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ በሐምሌና በነሐሴ ጉዳቱን የሚቀምሰው የቀን ተመልካች ነው። ዝናቡ ሲያልፍ ይመለሳል። ሪሲቨሩን እየነቀሉ መሰካት፣ እንደገና ሰርች ማድረግ ምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም ቻናሉን ልታጠፉት ትችላላችሁ።

ዝናቡ አባርቶም ካልተመለሰ ዲሹ ተነቃንቋል። የደጋው ነፋስ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ቻናሎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የተዛወሩት በ2013 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ናይልሳት ከእኛ በስተ ምዕራብ ነው፤ ዲሹ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ያይ ነበር። ኢትዮሳት ያለበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ስለዚህ ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከድሮው ይልቅ ወደ ሰማይ ቀና ማለት አለበት። ጎረቤታችሁ ዲሽ ወደዚያ እያየ የእናንተው ወደ ሌላ ካየ ችግሩን አገኛችሁት። ብሎኑን በደንብ ማጥበቅ፣ ምሰሶውንም በሲሚንቶ ማቆም ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

በመስቀል ሰሞን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ 5 ሰዓት አካባቢ ምስሉ የሚጠፋውስ?

ይህን ብዙ ሰው የሪሲቨር ብልሽት ያደርገዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ዲሹ ወደ ሳተላይቱ ሲያይ ፀሐይንም አብሮ ያያል። የፀሐይ ጨረር የራሱ ጫጫታ ስላለው የሳተላይቱን ደካማ ሲግናል ይውጠዋል። ለእኛ አካባቢና ለ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሰላ ጊዜው በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ገደማ ይውላል፤ ሰዓቱም ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ዲሽ ሠሪ መጥራት አያስፈልግም።

ቴሌቪዥኑ ላይ 14:00 ይላል። በእኛ ስንት ነው?

8 ሰዓት። ከ7 እስከ 18 ካለው 6 ትቀንሳላችሁ፣ ከ19 እስከ 24 ካለው 18 ትቀንሳላችሁ፣ ከ0 እስከ 6 ላለው ደግሞ 6 ትጨምራላችሁ። በግሪንዊች ሰዓት የተጻፈ ከሆነ መጀመሪያ 3 ትጨምራላችሁ። ሪሲቨራችሁ ላይ የሰዓት ማስተካከያው +3 ካልሆነ የፕሮግራም ዝርዝሩ ሁሉ ተዛብቶ ይነበባል።

የእንግሊዝ ኳስ ወዳጆች ደግሞ ይህን ያዙ። ቅዳሜ እነሱ ጋ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀምረው ጨዋታ በበጋ ሰዓታቸው ለእኛ 11 ሰዓት ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ 12 ሰዓት ይሆናል፤ በመጋቢት አጋማሽ ገደማ እንደገና ወደ 11 ይመለሳል። የእኛ ሰዓት አይለወጥም።

ትምህርት በቴሌቪዥን ቀን ቀን ለምን ቀረ?

ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ የቀድሞውን ቦታ ግን አልያዘም። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የገባላቸው ተማሪዎች ያስታውሱታል። ትምህርቱ በሳተላይት ከአንድ ቦታ ይለቀቃል፣ አገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ያንኑ ትምህርት ይማራል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። የመንዝ ተማሪና የአዲስ አበባ ተማሪ እኩል እንዲያገኙ ነው። ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ያልፋል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም። «ቆይ» ቢባል አይቆምም፤ መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት ሄደ። አስተማሪው ለማብራራት የሚተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ኮሮና ሲገባ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ማስተማር እንደገና ተሞከረ። ያኔ ለብዙ ቤት የቀን ቴሌቪዥን ትርጉሙ ተለወጠ። ልጅ ደብተር ይዞ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ወላጅም አብሮ ይሰማ ነበር። በአማርኛ፣ ቀስ ተብሎ፣ እየተደገመ የሚቀርብ የቀን ትምህርት ዛሬም ያስፈልገናል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ለልጅም፣ ትምህርት አቋርጣ ቤት ለምትውል ወጣትም።

ልጆች ቀኑን ሙሉ ቢያዩ ችግር አለው?

አለው። ሕፃናት ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ከስክሪን ቢርቁ ይመከራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከሰዓቱ በላይ ግን የሚያዩት ነገር ያሳስበኛል። አዋቂ ለአዋቂ የሠራው የፍቅርና የበቀል ድራማ ጡሩንባ እየነፋ ሲያልፍ አራት ዓመት ልጅ ምንጣፉ ላይ ይጫወታል። አያይም ብለን እንተወዋለን። እናቱ እንደምትሰማው እሱም ይሰማል።

አባባ ተስፋዬ ለአሥርተ ዓመታት ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ ተረቱ ከእኛው ምድር የወጣ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ልጆችን ከልቡ አክብሮ የሚያናግር ሰው በየጣቢያው ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቢጠብቃቸው ምኞቴ ነው።

ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ሲከፈት የመብራት ካርድ አይበላም?

የሚፈራውን ያህል አይበላም። ባለ 32 ኢንች የአሁኑ ስስ ቴሌቪዥን ከ30 እስከ 60 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። አሥር ሰዓት ቢከፈት ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። አንድ ሰዓት እንጀራ የተጋገረበት መብራት ስድስት ቀን ቴሌቪዥን ያሳያል። ካርዱ ቶሎ ካለቀ ምጣዱንና ምድጃውን ተመልከቱ።

የበለጠ የሚያስፈራው መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከመጣ በኋላም ትንሽ ቆይቶ መሰካት ይሻላል።

ማስታወቂያ ላይ የታየውን መድኃኒት ልግዛ?

ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳታማክሩ አይሆንም። ቀን ቀን የጤና ፕሮግራም መስለው የሚቀርቡ ማስታወቂያዎች አሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ይናገራል፣ ስልክ ቁጥር ይሰጣል፣ ለወገብም ለስኳርም ለደም ግፊትም አንድ ነገር ይሸጣል። አንድ ነገር ሁሉንም በሽታ አያድንም። በተለይ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አባቶችና እናቶች በዚህ ምክንያት ያንን እንዳያቋርጡ ልጆች ተከታተሏቸው። ይህን በጣም አደራ እላለሁ።

የቢራ ማስታወቂያ የት ሄደ የሚሉም አሉ፤ ደብረ ብርሃን የቢራ ፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ጥያቄው አይገርምም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ልጆች ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ለሚውሉበት ነገር፣ እሰየው ነው።

ኢንተርኔት ካለ ቴሌቪዥን ምን ያደርጋል?

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ያኔ ዩቲዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ የተረፈው ዲሽና ሬዲዮ ነው። ኢንተርኔት ባለበትም ቢሆን ዳታ ገንዘብ ነው። ዲሽ አንዴ ከተተከለ በኋላ በነፃ የሚታዩት ቻናሎች ወርኃዊ ክፍያ የላቸውም። ለጡረተኛ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ቀን ቀን ስለ እኛ አካባቢ ለምን እምብዛም አናይም?

የአብዛኞቹ ጣቢያዎች መቀመጫ አዲስ አበባ ነው፣ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ደግሞ ባሕር ዳር ነው። ካሜራ ከመቀመጫው በራቀ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ የቀን በጀት ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ትንሽ ነው። በትልልቅ በዓላት ቀን ቀጥታ ሥርጭት ይደራል። ደመራ ከመስቀል አደባባይ፣ ጥምቀት ከጃን ሜዳና ከጎንደር። ጥሩ ነው፣ ቤት የዋለ ታማሚ በዓሉን ከአልጋው ላይ ሆኖ ያከብራል።

ግን በየካቲት 23 የአድዋ በዓል ቀን ካሜራው ግማሽ ሰዓት ወደ አንጎለላ ቢዞር ምን ነበረበት? ምኒልክ የተወለዱበት ቦታ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። አንኮበርም እዚሁ ናት። ጓሳ አለ፣ የመንዝ ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቅ የኖረበት። ለቀን ፕሮግራም የሚሆን ታሪክ በየወረዳው ሞልቷል። አረጋዊ አባት በራሳቸው ደጅ ቁጭ ብለው ቢያወሩ ከስቱዲዮ ውይይት ይልቅ እኔ እሳቸውን እሰማለሁ።

ለጣቢያ መጻፍ ዋጋ አለው?

አለው፣ ብዙ ሰው ስለማይጽፍ ጭምር። «ፕሮግራማችሁ አይረባም» የሚል መልእክት ማንም አያነበውም። የቀን፣ የሰዓትና የፕሮግራም ስም ያለበት መልእክት ግን አዘጋጁ ጋ ይደርሳል። ከየት ወረዳ እንደምትጽፉ ግለጹ፤ ጣቢያዎች ከክፍለ ሀገር ያላቸው መረጃ ጥቂት ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ እነማን እንዳሉና ምን እየሠሩ እንደሚያዩ ንገሯቸው። ያስደሰታችሁንም ጻፉ፤ አመስጋኝ ከሌለው ጥሩ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

ልጅን የሚጎዳ፣ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያጋጭ ወይም የሚያታልል ነገር ከተላለፈ መጀመሪያ ለጣቢያው፣ ካልተስተካከለ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አቤት ማለት ይቻላል። ሰዓቱንና ቻናሉን ወዲያው በወረቀት ያዙ፤ ቢቻል በስልካችሁ ስክሪኑን ቅረጹት። ራሳቸው መጻፍ የማይችሉ እናት ወይም አባት ካሉ እነሱ ሲናገሩ ልጅ ይጻፍላቸው፣ በገዛ ቃላቸው።